ቴክሳስ፣ ለገጣፎ እና የካንሰር በጀት

ጥያቄ፦ «የምኖረው ለገጣፎ ነው። እናቴ የማኅፀን በር ካንሰር ተገኝቶባት ለጨረር ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ስናመላልሳት ነበር፤ ወረፋው ብቻ ወራት ፈጀ። ዳላስ ያለው ወንድሜ የእነርሱ ግዛት ሕዝብ በድምፁ ለካንሰር ምርምር 3 ቢሊዮን ዶላር እንደመደበ ይነግረኛል። እውነት ነው? ከሆነስ የእኛ ክልል ወይም ከተማ አስተዳደር ለምን እንዲህ አያደርግም? ሕክምናው ራሱ ሳይዳረስ ምርምር ለእኛ ምን ይጠቅመናል? ወንድሜና ጓደኞቹ ገንዘብ አዋጥተው የጨረር ማሽን ሊልኩ አስበዋል፤ ምን ልበላቸው?»

ምላሽ፦ ለእናትዎ ምሕረቱን ያውርድላቸው። የጨረር ሕክምና ሐኪም ነኝ። ከማያቸው ታካሚዎች ብዙዎቹ እንደ እናትዎ ከከተማዋ ዙሪያ፣ ከለገጣፎ፣ ከሰንዳፋ፣ ከሰበታ፣ ከሱሉልታ የሚመጡ ናቸው፤ ጥያቄዎን ከአንደበታቸው ስሰማው ኖሬያለሁ። የማሽኑን ጉዳይ ወደ ኋላ አቆየዋለሁ፤ ሌላው ሳይነገር እርሱን ብመልስ ክፉ ሰው እመስላለሁና።

ወንድምዎ ያሉት እውነት ነው፤ እንዲያውም የነገሩዎት ግማሹን ነው። የቴክሳስ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2007 በሰጠው ድምፅ ግዛቱ እስከ 3 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ቦንድ ሸጦ ለካንሰር ምርምርና መከላከል እንዲያውል ፈቀደ፤ በዓመት ከ300 ሚሊዮን እንዳይበልጥም ወሰነ። በ2019 ደግሞ በሌላ ድምፅ ሌላ 3 ቢሊዮን ጨመረበት። ቦንድ ምን እንደሆነ ለሕዳሴው ግድብ ከደመወዙ የተቆረጠበት አንባቢ አያጣውም፤ ግዛቱ ከባለገንዘብ ይበደራል፣ ዕዳውን ከነወለዱ በዓመታት ውስጥ ከሕዝብ ገንዘብ ይከፍላል። ወደ 30 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ 300 ሚሊዮን ዶላር ማለት በነፍስ ወከፍ በዓመት ወደ 10 ዶላር ነው። ነገሩ እንዲነሣ ምክንያት ከሆኑት አንዱ የቀድሞዋ የግዛቲቱ ገዥ አን ሪቻርድስ በ2006 በምግብ ቧንቧ ካንሰር መሞታቸው ነበር። ይህን በሽታ ያስታውሱልኝ፤ ወደ አርሲ ስንሄድ እንደገና እናገኘዋለን።

ልማዱ ከቴክሳስም ይቀድማል። የኒውዮርክ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1898 በቡፋሎ ከተማ ለአንድ የካንሰር ቤተ ሙከራ 10 ሺህ ዶላር ሰጥቶ ነበር፤ ዛሬ ሮዝዌል ፓርክ የሚባለው ትልቅ የካንሰር ማዕከል ከዚያች ገንዘብ የበቀለ ነው። ቴክሳስም ራሷ በ1941 ለካንሰር ሆስፒታልና ምርምር 500 ሺህ ዶላር መድባ በሂዩስተን ኤም ዲ አንደርሰን የተባለውን ማዕከል አስጀምራለች። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት «በካንሰር ላይ ጦርነት» የተባለውን ሕግ ያወጣው ከዚያ ብዙ ዓመታት ቆይቶ በ1971 ነው። ግዛቶች የማእከላዊውን መንግሥት ፊት ሳያዩ በራሳቸው ካዝና መጀመራቸው እንግዳ ነገር አይደለም ማለቴ ነው።

የቴክሳስ ገንዘብ ምን ሠራ? ጄምስ አሊሰን የተባሉትን ሳይንቲስት በ10 ሚሊዮን ዶላር ከኒውዮርክ ወደ ሂዩስተን አመጣ። የሰውነትን የመከላከያ ኃይል በካንሰር ላይ የሚያነሣሣውን ሕክምና ካስገኙት አንዱ ናቸው፤ በ2018 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ይህን ወንድምዎ በኩራት ነግረውዎት ይሆናል። ያልነገሩዎትን እኔ ልንገርዎ። በ2012 ያንን ገንዘብ የሚያድለው የግዛቲቱ ተቋም ሊፈርስ ደርሶ ነበር። 20 ሚሊዮን ዶላር የተመደበለት አንድ ፕሮጀክት በሳይንቲስቶች ሳይገመገም ጸደቀ። የተቋሙ የሳይንስ ኃላፊ አልፍሬድ ጊልማን፣ እርሳቸውም የኖቤል ተሸላሚ፣ ሥራቸውን ለቀቁ፤ ብዙ ገምጋሚዎችም ተከትለዋቸው ወጡ። ጥቂት ቆይቶ ለአንድ ጀማሪ የመድኃኒት ኩባንያ 11 ሚሊዮን ዶላር ያለ ግምገማ መሰጠቱ ታወቀ። ምርመራ ተከፈተ፣ አዲስ ገንዘብ መስጠት ታገደ፤ እገዳው የተነሣው በ2013 ሕጉ ከተሻሻለ በኋላ ነው። የሚያስቀው፣ ያ ያልተገመገመው ኩባንያ የጀመረው መድኃኒት በ2021 ጸድቆ ዛሬ ሰው ይታከምበታል። ሎተሪ የደረሰው ሰው ቁማርን ሲያመሰግን እንደማንሰማው ሁሉ ይህንንም እንደ ማስተባበያ አንቀበለው። የማመልከቻዎቹ ገምጋሚዎች ዛሬ ከቴክሳስ ውጭ የሚኖሩ ባለሙያዎች ናቸው፤ በእኛ አነጋገር አመልካቹና ገምጋሚው በአንድ ዕድር እንዳይገናኙ ማለት ነው።

አሁን ወንድምዎን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፦ ዳላስ ውስጥ ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ካንሰር ቢያዝ ምን ይሆናል? ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ የጤና ኢንሹራንስ የሌላቸው ነዋሪዎች ድርሻ ከፍተኛ የሆነው በዚያችው በቴክሳስ ነው። ያ 6 ቢሊዮን ዶላር በሕግ የተመደበው ለምርምርና ለመከላከል ሲሆን፣ የመከላከሉ ድርሻ ደግሞ ከአሥር አንድ እጅ እንዳይበልጥ ተደንግጓል። የታካሚን የሆስፒታል ሂሳብ የሚከፍል ገንዘብ አይደለም። አንድ መንግሥት የኖቤል ተሸላሚ አምጥቶ በዚያው ከተማ የምትኖር የጽዳት ሠራተኛ የጡት ካንሰሯን ሳትታከም ልትቀር ትችላለች። ስለዚህ «መንግሥት ካንሰርን ይደግፍ» ስንል የትኛውን ኪስ እንደምንናገር እንለይ፤ የምርምር ኪስ አለ፣ የሕክምና ኪስ አለ፣ የመከላከል ኪስ አለ፤ አንዱ ሲሞላ ሌላው በራሱ አይሞላም።

የእኛ ክልል ለምን አያደርግም? የመጀመሪያው ምክንያት ሕግ ነው። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 51 መሠረት ክልሎች ከአገር ውስጥ ምንጭ የሚበደሩበትን ሁኔታ የሚወስነው የፌዴራል መንግሥት ነው። ጨፌ ኦሮሚያ ወይም የአማራ ክልል ምክር ቤት ነገ ተነሥቶ በሕዝብ ድምፅ ቦንድ ልሽጥ ቢል በራሱ ብቻ አይሆንለትም። ክልሎች ከፌዴራል የሚያገኙት ድጎማ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ቀመር ይከፋፈላል፤ ወረዳ ላይ ሲደርስ ደግሞ ለደመወዝ ይውላል፣ ከደመወዝ የተረፈው ለነዳጅና ለወረቀት ይውላል። ይህን ለማማረር አይደለም የማነሣው፤ ወንድምዎ ቴክሳስንና ክልላችንን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ማነጻጸሪያው ከመነሻው እንደተዛነፈ እንዲያውቁ ነው።

ሁለተኛውና የበለጠ የሚያንገበግበኝ ምክንያት ግን ገንዘብ ማጣት አይደለም። በበጀታችን ውስጥ ካፒታል እና መደበኛ የሚባሉ ሁለት ዓይነት ገንዘቦች አሉ። ካፒታሉ ሕንፃ ይሠራል፣ ማሽን ይገዛል፤ ሪባን ይቆረጥለታል፣ ቴሌቪዥን ይመጣለታል። መደበኛው ደመወዝ፣ ጥገና፣ መድኃኒት፣ ኬሚካል ነው፤ ማንም አያጨበጭብለትም። ካንሰር ደግሞ ከላይ እስከ ታች የመደበኛ በጀት በሽታ ነው። ከሙያዬ ምሳሌ ልስጥዎ፤ እዚህ ላይ ከረዘምኩ ይቅርታ፣ ሃያ ዓመት የታመቀ ነገር ነው።

በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጨረር ሕክምና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ በኮባልት 60 ማሽን ነው። ለሃያ ዓመታት ያህል በመላ አገሪቱ ሌላ የጨረር ማዕከል አልነበረም፤ ከሞያሌም ከሁመራም የመጣ ሰው የሚሰለፈው እዚያው ነበር። ኮባልት ኃይሉን የሚያገኘው ከሚፈርስ ቁስ ስለሆነ በየ5 ዓመት ከ3 ወሩ ግድም ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። ማሽኑ አዲስ ሳለ አንድን ታካሚ በሁለት ደቂቃ የሚጨርስ ከሆነ፣ ምንጩ ሳይለወጥ ከአሥር ዓመት ተኩል ግድም በኋላ ለዚያው መጠን ስምንት ደቂቃ ይፈልጋል። ሰው አይሞትበትም፣ ማሽኑም አልተበላሸም፤ ወረፋው ግን አራት እጥፍ ይረዝማል። ምንጩን መለወጥ የውጭ ምንዛሪ ነው፣ ፈቃድ ነው፣ ልዩ ማጓጓዣ ነው፤ በመደበኛ በጀት ውስጥ በየዓመቱ ታቅዶ የማይቀመጥ ከሆነ የሚታወሰው ሲያልቅ ነው።

አሁን የመጡት ሊኒየር አክስለሬተር የሚባሉት ማሽኖች እንዲህ አያረጁም፤ ጨረሩን የሚያመነጩት በኤሌክትሪክ ነው። ነገር ግን መብራቱ ሲርገበገብ ይታመማሉ፣ ማቀዝቀዣው ሲሞት ይቆማሉ፣ ውስጣቸው ያለው አንድ ዕቃ ሲቃጠል ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። በሙያችን የተለመደው ስሌት ለአንድ እንዲህ ያለ ማሽን በየዓመቱ ከመግዣ ዋጋው ወደ አንድ አሥረኛ የሚጠጋ ገንዘብ ለጥገና ውል መያዝ አለበት የሚል ነው። አሥር ዓመት ሲሆን ማሽኑን ሁለት ጊዜ ገዛነው ማለት ነው። መንግሥት ከአዲስ አበባ ውጭ በዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የጨረር ማዕከል ለመክፈት ያወጣውን ዕቅድ ከልቤ እደግፋለሁ፤ ጅማና ሐረር የጨረር ሕክምና መስጠታቸው በየወሩ ስንት ሰው ከመንገድ ያሳረፈ ነገር ነው። የምጠይቀው ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፦ የጥገናው ውል የስንት ዓመት ነው, ከየትኛው የበጀት ኮድስ ይከፈላል? ይህን ስጠይቅ ስብሰባ ላይ ዝም የሚለኝ ሰው ብዙ ነው።

ለምን ይህን ያህል እጨነቃለሁ? እናትዎ የታከሙበትን መንገድ ያስታውሱ። ለማኅፀን በር ካንሰር የተለመደው ሕክምና ከሰኞ እስከ ዓርብ ለአምስት ሳምንት፣ ወደ 25 ጊዜ የሚሰጥ የውጭ ጨረር፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ሲስፕላቲን የሚባል ኬሞ፣ ከዚያም ከውስጥ የሚሰጥ ጨረር ነው። ይህ ሁሉ ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ በስምንት ሳምንት ውስጥ ማለቅ አለበት። ከዚያ ካለፈ ዕጢው ያገግማል፤ በሚዘገየው በእያንዳንዱ ቀን የመዳን ዕድሉ በትንሽ በትንሹ ይሸረፋል። ማሽኑ ሁለት ሳምንት ቆሞ ሲነሣ የታካሚዋ ሕክምና «ተጠናቀቀ» ተብሎ ይመዘገባል፤ የተሸረፈው ዕድሏ ግን በየትኛውም የሪፖርት ቅጽ ላይ አይጻፍም። ጥገናን እንደ ጥገና ሳይሆን እንደ መድኃኒት የማየው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ የእናንተ የዳር ከተማ ነዋሪዎች ጣጣ ይመጣል። ከለገጣፎ በሚኒባስ አያት፣ ከአያት በባቡር ወይም በታክሲ ወደ መሃል ከተማ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ሆስፒታሉ፤ ሲመለሱም ያው ነው። ይህን 25 ቀን ያባዙት። አንጀቷ በጨረር የተቆጣ ሴት መጸዳጃ በሌለው መንገድ ላይ በትራፊክ ውስጥ ሁለት ሰዓት ስትቀመጥ አስቡት። ብዙዎች ሕክምናውን የሚያቋርጡት ተስፋ ቆርጠው ሳይሆን የታክሲ ስላለቀባቸው ነው። በሳምንቱ መካከል ሁለት ቀን ቀርተው የመጡ አንዲት እናት ምነው ስላቸው «ልጄ የላከችልኝ ገንዘብ ለታክሲ አልበቃ ብሎ አጠራቅሜ መጣሁ» አሉኝ። ጨረር ግን አይጠራቀምም። የእኔ ማሽን ያን ቀን በደንብ ሠርቶ ነበር፤ የጎደለው ጥቂት ብር ነው። የዚህን መልስ መስጠት ፌዴራል መንግሥት አያስፈልገውም፤ አንድ ከተማ አስተዳደር አንድ አሮጌ ሚኒባስ መድቦ ጠዋት ወስዶ ከሰዓት ሊመልሳቸው ይችላል።

ሌላው ጣጣ ወሰን ነው። ለገጣፎ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት በእርሱ ሥር ገብታለች፤ ሸገር የኦሮሚያ ነው። ጥቁር አንበሳ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ስለዚህም የፌዴራል ነው። በመንገድ ላይ ያሉት ጤና ጣቢያዎች የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ናቸው። እናትዎ ባቡር ላይ ሲወጡ ከአንዱ መንግሥት ወደ ሌላው፣ ሲወርዱ ወደ ሦስተኛው ይገባሉ። ሰው ይህን አይቆጥረውም፤ የመድን ካርዱ ግን ይቆጥረዋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካርድ የሚሠራው ሪፈሩ በየደረጃው ተጽፎ፣ መድን ቋቱም ከተቀባዩ ሆስፒታል ጋር ውል ሲኖረው ነው። ሪፈሩን ዘልሎ የመጣ ሰው ከኪሱ ይከፍላል። በዚያ ላይ መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ ፋርማሲ ካለቀ ቤተሰብ በየግል መድኃኒት ቤቱ ይዞራል። ለእኔ አንድ ክልል ለካንሰር ሊያደርገው ከሚችለው ትልቅ ነገር አንዱ የማይታይ ወረቀት ነው፦ በዙሪያው ያሉ ከተሞች የመድን ቋታቸውን አስተባብረው ከካንሰር ማዕከላቱ ጋር የዓመት ውል መግባት። ሲሚንቶ አይፈልግም።

ወደ ምርምር እንምጣ። «ሕክምናው ሳይዳረስ ምርምር ምን ያደርጋል» የሚለውን ጥያቄ ከታካሚ ቤተሰብ ስሰማው አልቆጣም፤ ከባለሥልጣን ስሰማው ግን እቆጣለሁ። አንድ ታሪክ ልንገርዎ። የአፍሪካ ሴቶች የጡት ካንሰር በአብዛኛው ለሆርሞን የማይታዘዝ ክፉ ዓይነት ነው የሚል ግምት ለረጅም ጊዜ ነበር፤ ግምቱ የተወሰደው በብዛት ከምዕራብ አፍሪካና ከአሜሪካ ጥቁር ሴቶች ነው። በአዲስ አበባ የታካሚዎች ዕጢ በትክክል ተመርምሮ ሲታይ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሆርሞን ተቀባይ ያለው፣ ማለትም ለሆርሞን መድኃኒት የሚታዘዝ ሆኖ ተገኘ። ይህ ለሐኪም ምን ማለት ነው? ታሞክሲፌን የሚባል፣ በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ፣ ከኬሞ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ርካሽ የሆነ ክኒን ለብዙ ሴቶቻችን ይሠራል ማለት ነው። ማሽን የለውም፣ ወረፋ የለውም፤ ጤና ጣቢያ ሊያድለው ይችላል። ይህን ያወቅነው ሰዎች ዕጢ ስለቆረጡ፣ ስላቀለሙ፣ ስለቆጠሩ ነው። ምርምር ማለት ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ ቆጠራ ነው። የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከየሆስፒታሉ ስም በስም እየለቀመ ባይመዘግብ ኖሮ በከተማዋ ሴቶች ላይ ጡት ቀዳሚ፣ የማኅፀን በር ደግሞ ተከታይ መሆኑን እንኳ በግምት እንናገር ነበር። መዝገቡ ግን የአዲስ አበባ ነዋሪን የሚቆጥር ነው። እናትዎ የታከሙት አዲስ አበባ፣ የሚኖሩት ለገጣፎ፤ ነዋሪ ስላልሆኑ ከስሌቱ ይወጣሉ። ሸገርን የሚያክል ከተማ የራሱ ቆጣሪ ከሌለው፣ በጀት ሲጠየቅ «ስንት ታማሚ አለን» ለሚለው መልስ የለውም።

የአርሲና የባሌን ነገር ቀጠሮ ይዤልዎት ነበር። በእነዚያ አካባቢዎች የምግብ ቧንቧ ካንሰር ከሌላው የአገራችን ክፍል እጅግ ይበዛል፤ ለምን እንደሚበዛ የቀረቡት ምክንያቶች ብዙ ናቸው፣ ተጣርቶ የተዘጋ ነገር ግን የለም። ቴክሳስ አንዲት ገዥ በዚህ በሽታ ስለሞተችባት ቢሊዮኖች አንቀሳቀሰች። በእኛ አገር በዚያው በሽታ ምግብ መዋጥ አቅቶት፣ ውሃ ብቻ እየወሰደ የሚመጣ ገበሬ ለመቁጠር እንኳ ብዙ ነው። የአርሲን ጥያቄ ሂዩስተን አይመልስልንም፤ ገንፎው ትኩስ ይሁን፣ ጭሱ ይሁን፣ አፈሩ ይሁን የሚያጣራው እዚያው የሚኖር ተመራማሪ ነው። አንድ ክልል ለምርምር ገንዘብ ካለው እኔ የማወጣው እዚህ ላይ ነው።

ለሕክምናውም ለምርምሩም በር የሆነው፣ ግን ሁልጊዜ የሚረሳው ፓቶሎጂ፣ ማለትም ከታማሚ የተወሰደ ናሙና የሚመረመርበት ሙያ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዙሪያው አንድ ሰው የሚስቱን የጡት ናሙና በሽሮፕ ጠርሙስ ይዞልኝ መጣ። ቀዶ ጥገናው በደንብ ተሠርቷል፤ ናሙናው የተቀመጠው ግን ሥጋ እንዳይበሰብስ በሚያቆየው በፎርማሊን ሳይሆን በጨው ውሃ ውስጥ ነው፤ በተቋሙ ፎርማሊን አልቆ ነበር። ሦስት ቀን በዚያ ውሃ ውስጥ የቆየ ሥጋ በስብሶ ምንም የማይነበብ ሆነ። ሴትዮዋ ዳግመኛ ልትቆረጥ ሆነ፤ ፈራች፣ ወደ ጸበል ሄደች፣ ከስምንት ወር በኋላ ስትመለስ በሽታው አጥንቷ ገብቶ ነበር። ያ የጎደለው ፎርማሊን ዋጋው አንድ ኪሎ ቡና አይሞላም። ጸበል መሄዷን አልነቅፍም፤ ከጸበሉ ጎን ለጎን የምትወስደው ክኒን ሊኖር ይችል ነበር፤ የትኛውን ክኒን እንደምሰጣት የሚነግረኝ ሥጋ ግን በጨው ውሃ ተበላሽቷል።

መከላከሉን በአጭሩ ልለፈው፤ ትንሽ ስለሆነ ሳይሆን ክርክር ስለሌለበት ነው። የማኅፀን በር ካንሰርን የሚያመጣውን ኤች ፒ ቪ የሚባል ቫይረስ የሚከላከል ክትባት በአገራችን ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ዘመቻ ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በአንድ መርፌ ተሰጥቷል። እህት፣ የእህት ልጅ፣ ጎረቤት ካለዎት ክትባቷን መውሰዷን ይጠይቁ። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች በጤና ጣቢያ በአሴቲክ አሲድ የሚደረገው ምርመራ ደቂቃዎች ይፈጃል፤ ቅድመ ካንሰር ከታየ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ይታከማል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ አገሮች ከልጃገረዶች 90 በመቶውን እንዲከትቡ፣ ከሴቶች 70 በመቶውን እንዲመረምሩ፣ ከታመሙት 90 በመቶውን እንዲያክሙ ግብ አስቀምጧል። እርስዎም ዕድሜዎ ከደረሰ ነገ ይሂዱ።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚለው ካሊፎርኒያ አንድ መንገድ አሳይታለች፤ እ.ኤ.አ. በ1988 በሕዝብ ድምፅ በአንድ ፓኬት ሲጋራ ላይ 25 ሳንቲም ቀረጥ ጨምራ ከገቢው ለጤና ትምህርትና ለምርምር መደበች፣ በ2016 ደግሞ 2 ዶላር ጨመረች። እኛም በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በሲጋራ ላይ 30 በመቶና በፓኬት 8 ብር ጥለን ነበር። ጥሩ አዋጅ ነው። በቁጥር የተጻፈ ብር ግን ኑሮው ሲወደድ ዋጋ ያጣል፤ ያኔ የነበረው 8 ብር ዛሬ 8 ብር አይደለም። ከዚያ ቀረጥ ላይ ለካንሰር ተብሎ በሕግ የሚታሰር ድርሻ ቢኖር ከቴክሳስ ቦንድ ይልቅ ለእኛ ይቀርበናል፤ ዕዳም የለውም። ከቴክሳስ ልቀናበት የምፈልገው አንድ ነገር ይኸው መታሰሩ ነው። ሚኒስትር ቢቀየር፣ ገዥ ቢቀየር ያ ገንዘብ ለአሥር ዓመት ለሌላ ነገር አይወጣም፤ ወጣት ተመራማሪ የሚቀጥረው ሰውም ደመወዙን በየሰኔው አይለምንም።

ሰኔን ካነሣሁ አይቀር፣ የሚቀጥለው በጀት ከሐምሌ 1 ስለሚጀምር ከተማችሁ ዕቅዱን የሚያወያየው ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ነው። ስብሰባው ላይ ሰው ሁሉ መንገድና ውሃ ይጠይቃል፤ ትክክል ነው። እርስዎ ደግሞ እጅዎን አውጥተው ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ በጤና ጣቢያችን የማኅፀን በር ምርመራ በሳምንት ስንት ቀን ይሰጣል፣ ባለፈው ዓመት ስንት ሴት ታየች፤ ሆስፒታላችን ናሙና የሚልክበት ፎርማሊንና መኪና በየትኛው በጀት ተይዟል፤ የመድን ቋታችን ከየትኛው የካንሰር ማዕከል ጋር ውል አለው? «የካንሰር ሆስፒታል ይሠራልን» ብለው ከጠየቁ ጭብጨባ ያገኛሉ፣ መልሱም «በዕቅድ ተይዟል» ይሆናል። እነዚህን ሦስቱን ሲጠይቁ ግን ጤና ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ለመክፈት ይገደዳል።

እንግዲህ ማሽኑ። ወንድምዎንና ጓደኞቻቸውን ስለ ልባቸው ያመስግኑልኝና ማሽኑን ይተዉት ይበሏቸው። የጨረር ማሽን ከመምጣቱ በፊት ግድግዳው በአንዳንድ በኩል ከሁለት ሜትር በላይ ውፍረት ያለው የኮንክሪት ክፍል ይፈልጋል፤ የጨረር ጥበቃ ፈቃድ ይፈልጋል፤ መጠኑን የሚለካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ፣ ቴክኖሎጂስቶች፣ ከላይ የነገርኩዎትን የጥገና ውል ይፈልጋል። ከአሜሪካ ሆስፒታል «አሮጌ ነው፣ በነፃ ውሰዱት» የተባለ ማሽን ደግሞ ብዙ ጊዜ መለዋወጫው የማይመረት ስለሆነ ነው የሚሰጠው። እንዲህ ያለ ስጦታ በጉምሩክ መጋዘን ወይም በሆስፒታል ግቢ በሸራ ተሸፍኖ ሲዝግ አይቻለሁ።

ያዋጡት ገንዘብ ግን እንዳይበተን። ከክልል ለሚመጡ ታካሚዎች ማረፊያ፣ ምግብና ትራንስፖርት የሚያግዙ የአገር ውስጥ ማኅበራት አሉ፤ የማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲ አንዱ ነው፤ አራት ዓመቱ ላይ በደም ካንሰር በሞተ ሕፃን ስም በቤተሰቡ የተመሠረተ ነው። ካንሰር የያዛቸው ልጆች ወላጆች የመሠረቱት ተስፋ አዲስም አለ። ለአንዲት እናት የ25 ቀን ታክሲ መክፈል ለእነርሱ የአንድ ማታ ራት ነው። ከዚያ የሚበልጥ ገንዘብ ካላቸው ከአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የፓቶሎጂ ክፍል ጋር የጽሑፍ ስምምነት ይግቡ፤ የሆርሞን ተቀባይን ለመለየት የሚያስፈልገውን ማቅለሚያ ኬሚካል ለሦስት ዓመት ሳያቋርጡ ይላኩ። ኬሚካሉ የአገልግሎት ጊዜ ስላለው አንድ ጊዜ በብዛት ሳይሆን በየስድስት ወሩ ይሁን።

ስለ እናትዎ የመጨረሻ ነገር። ሕክምናቸው ካለቀ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ቢያንስ በየስድስት ወሩ፣ ቢቻል በየሦስት ወሩ መታየት አለባቸው፤ «ደህና ነኝ» ቢሉም ይሂዱ። በመካከል ደም ከታያቸው፣ አንድ እግራቸው ካበጠ ወይም ወገባቸውን የማይለቅ ሕመም ከያዛቸው ቀጠሮ ሳይጠብቁ ያምጧቸው። የሕክምና ማጠቃለያ ወረቀታቸውን፣ የተሰጣቸው የጨረር መጠን የተጻፈበትን፣ ፎቶ አንሥተው ስልክዎ ላይ ያስቀምጡት፤ ካርድ ክፍል ውስጥ ወረቀት ጠፍቶ ያውቃል።